ያቺ ልጅ ስም የላትም?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ ፀጉር ቤት አለችኝ። ሥራውን ከጀመርኩ 16 ዓመት ሆኖኛል። ጋዜጣችሁን የምገዛው ደንበኞቼ ካስክ ውስጥ ሲቀመጡ እንዲያገላብጡት ነው። እኔ ራሴ የማነበው ማታ በሩን ዘግቼ፣ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ፣ ሻይ ይዤ ነው። ባለፈው ሳምንት የሴቶች ገጻችሁ ላይ ስለ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሴቶች ያወጣችኋትን ነገር አይቼ ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ጽሑፏ ስምንት መስመር ናት። ፎቶው ግን የገጹን ግማሽ ወስዷል። ባሕር፣ ዘንባባ፣ ጀርባዋን ሰጥታ የቆመች ቀላ ያለች ልጅ፣ እስከ ወገቧ የወረደ ፀጉር። ከሥሯ «የካሪቢያን ቆነጃጅት» ይላል። ስሟ የለም። ማን እንዳነሳት የለም። የት እንደቆመች እንኳን የለም። ጽሑፉ ደግሞ አገሪቱ በቆንጆ ሴቶች የታወቀች ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሊያ ቬጋ ሚስ ዩኒቨርስ ሆናለች ይልና ያበቃል።

የሚስ ዩኒቨርሷ ነገር እውነት ነው። የፎቶዋም ልጅ ታምራለች፤ ፀጉሯ ደግሞ አስቀንቶኛል። ግን እንደ ባለሙያ ልንገራችሁ፣ ያ ፀጉር እንዲሁ ከእግዜር የመጣ አይደለም። ቢጎዲን ገብቶበታል። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተሠርቶበታል።

እንዴት አወቅሽ ትሉኝ ይሆናል። የአክስቴ ልጅ ኒውዮርክ ነው የምትኖረው፣ ዋሽንግተን ሃይትስ የሚባል ሰፈር። ሰፈሩን የዶሚኒካኖች ነው ማለት ይቻላል። ከሄደች ስድስት ወር ሳይሞላት ከአንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ቪዲዮ ቀርጻ በቴሌግራም ላከችልኝ። «እይልኝ እስቲ፣ ያንቺን ቤት መስሎኝ እንባዬ መጣ» ብላ። እውነቷን ነው። ሴትዮዋ ታጠበች፣ በቢጎዲን ተጠቀለለች፣ ካስክ ሥር ገባች፣ ከዚያ በፎንና በክብ ብሩሽ ተጎተተች ተጎተተችና ሉጫ ሆና ወጣች። አሠራሩ ያው ነው። ልጇን ይዛ የመጣችውም ያው፣ ሳህን ሸፍና ምሳ ይዛ የገባችውም ያው፣ ቋንቋቸውን ባላውቅም ሐሜቱም ያው እንደሆነ ከድምፃቸው ገብቶኛል። የዶሚኒካኖች አተኳኮስ አሜሪካ ውስጥ የታወቀ ነው አሉ፤ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ሳይቀሩ ፈልገው ይሄዱላቸዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው እነዚህን ሴቶች መከታተል የያዝኩት። የአክስቴ ልጅ ስፓኒሽ ለምዳለች፣ የሰማችውን ትተረጉምልኛለች። የመጀመሪያው የተረጎመችልኝ ነገር «ፔሎ ማሎ» የሚለውን ነው። መጥፎ ፀጉር ማለት ነው። ከርዳዳውን ነው የሚሉት። ሉጫው ደግሞ «ፔሎ ብዌኖ»፣ ጥሩ ፀጉር። ሳቅኩ መጀመሪያ። ቆይቶ ግን አላሳቀኝም። እኔስ ቤት እናት ልጇን ይዛ ስትመጣ «ይቺ እንኳ የአባቷን ነው ያወጣችው፣ ፀጉር አልሰጣትም» ትል የለ? ልጅቷ ራስ ላይ እኮ ፀጉር አለ፤ ማበጠሪያዬ እስኪሰበር ድረስ አለ። ግን ከርዳዳ ስለሆነ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እንዳይምታታ። ፀጉሯን የምትተኩስ ሴት ሁሉ ራሷን የምትጠላ ናት የሚል ጽሑፍ አንዳንዴ አነባለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት ወንዶች ናቸው፣ ይቅርታና። አልስማማም። እኔ ቤት ለጥምቀት ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ መብራት አይጠፋም። አንዷ ሹሩባ ትሠራለች፣ አንዷ ትተኮሳለች፣ የዛሬ ዓመት የተተኮሰችው ዘንድሮ ሹሩባ ናት። ፀጉር ቤት የሴት ቤት ነው። ባል የሚታማው እዚያ ነው፣ እቁብ የሚጣለው እዚያ ነው፣ ዓይኗ አብጦ የመጣችን ሴት «ምን ሆነሽ ነው?» የሚላት ሰው ያለው እዚያ ነው። እኔም ሁለት ልጆች ያሳደግኩት በዚሁ ካስክ ነው። ኒውዮርክ ያሉት ዶሚኒካን ሴቶችም ያንን ቤት ከፍተው ልጅ አስተምረዋል፣ አገር ቤት ገንዘብ ልከዋል። እንደኔ እንደኔ ነገሩ የሚበላሸው ምርጫው ሲጠፋ ነው። ትምህርት ቤት «ፀጉርሽን አስተካክለሽ ነይ» ስትባል፣ ሥራ ስትፈልግ እንደዚያው። በዚህ የተሰላቸች ካሮሊና ኮንትሬራስ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ2014 ዋና ከተማቸው ሳንቶ ዶሚንጎ ውስጥ የተጠቀለለውን ፀጉር ሳይተኮስ እንዳለ የሚያሳምር ፀጉር ቤት ከፍታለች። ስሙ «ሚስ ሪሶስ» ነው፣ ወይዘሪት ጥቅልል እንደማለት። እኔ ለቤቴ ያወጣሁለትን ስም አስቤ አፈርኩ።

ነገሩ ከፀጉር ብቻ አይደለም የሚመጣው። ዶሚኒካንና ሃይቲ አንድ ደሴት ነው የሚካፈሉት፣ ሂስፓኒዮላ ይባላል። ዶሚኒካኖች የነፃነት ቀናቸውን የካቲት ውስጥ ያከብራሉ፤ እ.ኤ.አ. የካቲት 27 ቀን 1844 መሆኑ ነው። ነፃ የወጡት ደግሞ ከሃይቲ ነው። ሃይቲ 22 ዓመት ገዝታቸው ነበር። እንግዲህ ያኔ ጀምሮ «እኛ ማነን?» ሲባል መልሱ «ሃይቲ ያልሆንን» እየሆነ መጣ። ሃይቲ ጥቁር ናት ከተባለ እኛ ጥቁር አይደለንም ማለት ነው። ታዲያ መስታወቱ ሌላ ሲናገርስ? መላ ተገኘለት። «ኢንዲዮ» አሉ፣ የአገሩ የጥንት ሰው እንደማለት። የደሴቲቱ የጥንት ነዋሪዎች ታይኖዎች ነበሩ፤ ኮሎምበስ ከመጣ በኋላ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ በበሽታና በግዳጅ ሥራ አብዛኞቹ አለቁ። መታወቂያ ላይ ግን ለብዙ ዘመን የቆዳ ቀለም የሚሞላበት ቦታ ነበረና ጠይም የሆነው ሰው ሁሉ «ኢንዲዮ» ተብሎ ይጻፍለት ነበር፤ «ፈካ ያለ ኢንዲዮ»፣ «ጠቆር ያለ ኢንዲዮ» እየተባለ። ያለቀው ሕዝብ ስም ላለው ሕዝብ መሸፈኛ ሆነ። (እኛ መታወቂያ ላይ ቀለም አንጽፍም። የምንጽፈው ሌላ ነው፤ እሱን ዛሬ ተዉኝ።)

ከዚያ ትሩሂዮ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1961 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም እንደዚያው ናቸው) አገሪቱን እንደ ግል ጓሮው የገዛ አምባገነን ነው። የእናቱ ወገን ከሃይቲ ይመዘዛል። ሰውየው ታዲያ ፊቱ ፈካ እንዲል ፓውደር ይቀባ ነበር! ይህን ስሰማ የማውቃቸው ሙሽሮች ሁሉ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ፤ ፊቷ ሌላ አንገቷ ሌላ የሆነች ሙሽራ ስንቷን ሸኝቻለሁ መሰላችሁ። የእሱ ፓውደር ግን ፓውደር ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1937 ድንበር አካባቢ የሚኖሩ ሃይቲያውያንን በሺዎች አስጨፈጨፈ። ወታደሮቹ ሰውን የሚለዩት «ፔሬሂል» በል እያሉ ነበር ተብሎ ይነገራል፤ አንድ የቅመም ቅጠል ነው፣ ሃይቲያውያን አጠራሩ አይመጣላቸውም። መጽሐፈ መሳፍንት ላይ «ሺቦሌት በል» እያሉ ዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ ያረዷቸውን አስታወሰኝ። ነገሩ አሁንም አልበረደም። በ2013 የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ከ1929 ወዲህ ሕጋዊ መኖሪያ ከሌላቸው ወላጆች የተወለዱትን ዜግነት የላችሁም ብሎ ወሰነ፤ አብዛኞቹ የሃይቲ ዘር ያላቸው ናቸው።

እዚያ አንድ አባባል አለ። ሁሉም ሰው «ጥቁሩ ከጆሮው ኋላ ነው» ይላሉ። ፊት ለፊት ብትደብቀው ከጆሮህ ኋላ ያገኙሃል እንደማለት። ይቺን ፀጉር ሠሪ ናት ያወጣቻት ብል አልሳሳትም መሰለኝ። ምን ያህል ቢተኮስ፣ ምን ያህል ሪላክሰር ቢገባበት፣ የሰው ፀጉር እውነተኛ ጠባዩን የማየው ከጆሮ ኋላ ነው። እዚያ ጋ ሳጥብ ነው የሚነግረኝ።

እኛስ? እኛ ቀለም አናውቅም፣ ሁላችንም አንድ ነን ባይ ብዙ ነው። ውሸት ነው። ብስል ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠየም ያለች እያልን ስንት ደረጃ አበጅተናል። ጥቁር ለማለት ሲያንቀን ደግሞ «ጠቆር ትላለች ግን ቆንጆ ናት» እንላለን። ያቺ «ግን» ምን ትሠራለች እዚያ መሃል? ሕፃን ሲወለድ ጆሮውን አይተው ቀለሙን የሚተነብዩ አሮጊቶች አሉን፤ እንግዲህ ጆሮ ላይ ከዶሚኒካኖች ጋር ተገናኘን። የእነሱ ሃይቲ ደግሞ እኛም ዘንድ አለ። መተከል ድሮ የጎጃም አውራጃ ነበር። ጎጃም ያደገ ሰው የጉሙዝን ሰው በምን ቃል ሲጠሩ እንደሰማ ያውቃል። ቃሏን እዚህ አልጽፋትም። ልጅ ሆኜ እኔም ብያታለሁ። ጠቆር ያለች ጓደኛችንን ስንጣላ የምንሰድባትም በዚያችው ቃል ነበር።

ወደ ፎቶ ልመለስ፤ ደብዳቤውን ያስጀመረኝ ፎቶ ነውና።

ታናሽ እህቴ ያገባችው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ጠይም ናት፣ ጥርት ያለች ጠይም፣ እንደ ቡና። ለሰርጉ እኔው ነኝ ያዘጋጀኋት፤ ፊቷን እንዳልነካው አስምላኝ ነበር፣ አልነካሁትም። ፎቶውን ያነሳው የከተማችን አንድ ፎቶ ቤት ነው። ከወር በኋላ ትልቁ ፎቶ በፍሬም መጣና ሳሎን ተሰቀለ። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ቀረብ ብላ አየችው። «ይቺ ማናት?» አለች። ቀልዷን መስሎን ሳቅን። አልቀለደችም። ልጅቷ ቀልታለች፣ አፍንጫዋ ቀጥኗል፣ አገጯ ሹል ሆኗል። ሙሽራውን ግን አልነኩትም! እሱ እንደጠቆረ እንዳማረበት ነው የቆመው። ፎቶ ቤት ሄድኩ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። «እታለም፣ ሁሉም ሰው የሚፈልገው እንዲህ ነው፤ ካላቀላሁት እኮ ይመልሱብኛል» አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ አምናለሁ። እኔንም «እባክሽ ትንሽ አቅዪልኝ» የሚሉኝ የሙሽራ እናቶች ናቸው። እሺ ዋናውን ስጠኝ አልኩት። አጥፍቶታል። ቦታ ስለሚይዝ ነው አለኝ። እህቴ የሰርጓን ቀን ፊቷን የላትም ማለት ነው።

ይህን ለአክስቴ ልጅ ሳለቃቅስላት ነው የዶሚኒካን ሠዓሊዎችን ሥራ መላክ የጀመረችው። አንዷ ጆይሪ ሚናያ ናት፤ ኒውዮርክ ተወልዳ ዶሚኒካን ነው ያደገችው። በ2016 የሠራችው ነገር አለ። ጉግል ላይ «የዶሚኒካን ሴቶች» ብላ ጻፈች፣ የመጣላትን ፎቶ ሁሉ ሰበሰበች። የመጣው ደግሞ ከእናንተው ፎቶ የተለየ አይደለም፤ ባሕር ዳርቻ የተጋደመ ገላ፣ ለቱሪስትና ሚስት ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ። እግሩን ለብቻ፣ ክንዱን ለብቻ፣ ወገቡን ለብቻ ቆረጠችው። ምስሉ እስኪፈረካከስና ነጠብጣብ እስኪሆን ድረስ አሳደገችው። ከዚያ ከጣሪያ ላይ በክር አንጠለጠለችው። ሰው በመሃሉ ያልፋል። ልኳንዳ ቤት ነው የመሰለኝ። ሌላም ሥራ አላት፤ በአበባና በቅጠል ያጌጠ ጨርቅ ከራስ እስከ እግር ድረስ ሰፍታ ሴት ታለብሳለች፣ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው። ልብሱ የተሰፋው ደግሞ ጉግል ላይ ባገኘችው አቀማመጥ ልክ ነው። ቀጥ ብላ ልቁም ብትል አይሆንላትም፣ ልብሱ ራሱ ያጋድማታል። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ስታየው «ኧረ ይቺስ ክፉ ልብስ ሰፊ ናት» አለች። ሙገሳዋ ነው።

ሁለተኛዋ ፊረሌይ ባዬዝ ትባላለች። እናቷ ዶሚኒካን፣ አባቷ የሃይቲ ዘር ያለው፤ በራሷ ደም ውስጥ ያ ድንበር አለ። አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች እርስ በርሳቸው የሚለያዩበት የካኪ ወረቀት ፈተና ነበር፤ ከካኪው ከረጢት የጠቆረ አይገባም። ዶሚኒካኖች ዘንድ ደግሞ የቬንትሌተር ፈተና ይባላል፤ ፀጉርሽን ነፋሱ ካወዛወዘው አለፍሽ፣ ካላወዛወዘው ወደቅሽ። እሷ በ2011 አንድ ሐምሌ ወር ሙሉ በየቀኑ ራሷን ሣለች። የቆዳዋን የዕለቱን ቀለም፣ የፀጉሯን የዕለቱን ሁኔታ። አፍ የለ፣ አፍንጫ የለ፣ ዓይን ብቻ። ቀለሙ ከቀን ቀን ይለያያል፤ ፀሐይ ስትወጣ ትጠቁራለች፣ ቤት ስትውል ትቀላለች። ታዲያ የትኛው ቀን ላይ ነው የምታልፈው? እኔን የገደለኝ ያ ቬንትሌተር ነው። እኔም ሥራዬን ጨርሼ ደንበኛዬን «ነቅንቂው እስቲ» እላታለሁኮ!

ፊት የሌላቸው አሻንጉሊቶቻቸውንም ልካልኛለች። ሊሊያና ሜራ ሊሜ የምትባል የሸክላ ባለሙያ በ1981 የጀመረችው ነው ይባላል። ኮፍያ አላቸው፣ ቀሚስ አላቸው፣ አበባ ይይዛሉ፣ ፊታቸው ግን ልሙጥ ነው። ዶሚኒካን የብዙ ዘር ድብልቅ ስለሆነች አንድ ፊት አይወክላትም ነው ምክንያቱ። ቱሪስት ሁሉ ገዝቶ ይሄዳል። ሐሳቡ ያምራል፣ እኔ ግን አልገዛውም። ብዙ ፊት ካለ ብዙ ፊት መሥራት ነው እንጂ ማጥፋት ምን ይባላል?

እኛ በዚህ በኩል ባለጸጎች ነበርን። ዘጌ ገብታችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ካያችሁ ታውቁታላችሁ። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ደጉን ሰው ፊቱን ወደ እኛ አዙረው፣ ሁለት ዓይኑ እያየን ይሥሉታል። ክፉውን በጎን፣ በአንድ ዓይን። አጠገቡ ደግሞ ማን እንደሆነ ይጽፉለታል። ናርጋ ሥላሴ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች፤ ተደፍታም ቢሆን ማን እንደሆነች እናውቃለን። አሁን የእናንተን የባሕር ዳርቻዋን ልጅ በዚህ ሕግ አስቀምጧት። ለሰይጣን እንኳ አንድ ዓይን ይሰጠዋል። እሷ አንድም አልደረሳትም።

ስም ካስፈለጋችሁ ደግሞ በየዓመቱ የምታውቁትን ቀን ልጥቀስላችሁ። ኅዳር መጣ ማለት ነጭ ሪባን ደረታችን ላይ ነው፣ ጋዜጣችሁም በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃት ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ቀኑ ከየት እንደመጣ ግን ጽፋችሁ አላየሁም። ከዶሚኒካን ነው። ፓትሪያ፣ ሚኔርቫና ማሪያ ቴሬሳ ሚራባል የሚባሉ ሦስት እህትማማቾች ትሩሂዮን ሲታገሉ እ.ኤ.አ. ኅዳር 25 ቀን 1960 የታሰሩትን የሚኔርቫንና የማሪያ ቴሬሳን ባሎች ጠይቀው ሲመለሱ መንገድ ላይ ተይዘው ተደብድበው ተገደሉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቀኑን በ1999 ዓለም አቀፍ አደረገው። ዛሬ የ200 ፔሶ ብር ላይ የሦስቱም ፊት አለ። ሳንቶ ዶሚንጎ ባሕሩ ዳር ትሩሂዮን ለማክበር የቆመ ሐውልት ነበር፤ በ1997 የእነሱን መልክ ሣሉበት። ያም የባሕር ዳርቻ ነው እንግዲህ። ፎቶ ስትፈልጉ እሱን አጥታችሁ ነው?

ለማንኛውም ከደብዳቤው ጋር አንድ ፎቶ ልኬያለሁ። እህቴ ናት፤ በሰርጓ ዋዜማ እኔ ቤት፣ ራሷ ላይ ቢጎዲን ተደርድሮ፣ ካስክ ሥር ተቀምጣ እየሳቀች፣ ሁለቱም ዓይኗ እያያችሁ። በስልኬ ነው ያነሳኋት። የሴቶች ገጻችሁ ላይ ብታወጡት ፈቅዳለች፤ ስሟንም ከጀርባው በእጇ ጽፋዋለች። ቀለሙን እንዳትነኩት። ካላወጣችሁት ደግሞ እባካችሁ መልሱልኝ፤ ስልኬ ውኃ ገብቶበት ሞቷል፣ ሌላ ኮፒ የለኝም።

አንባቢያችሁ
ከደብረ ማርቆስ